ዳር ለቆመ መኪና መስመር መልቀቅ፦ አሜሪካ ውስጥ የሚነዳ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ህግ

ማታ ነው። ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ በ495 ሀይዌይ ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ትነዳላችሁ። የያዛችሁት የመጨረሻውን የቀኝ መስመር ነው። ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቶው ትራክ ነው። የተበላሸ መኪና ሊጭን ቆሟል። መስመራችሁን አልዘጋባችሁም፤ ሾልደር ላይ፣ ማለትም ከነጩ መስመር ውጭ ባለው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ሰው ምንም አያደርግም። «እሱ ዳር ነው፣ እኔ መስመሬ ላይ ነኝ» ብሎ በያዘው ፍጥነት ያልፋል። ይሄ ግን በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ያስቀጣል። ህጉ «ሙቭ ኦቨር» (መስመር ልቀቅ) ይባላል። ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች በአንድም በሌላም መልክ አለ። ፖሊስ ዳር ሲቆም መስመር መልቀቅ እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው ሰምቷል። ለቶው ትራክ፣ ከዚያም አልፎ ጎማው ለፈነዳበት ተራ ሰው ጭምር እንደሚያስፈልግ ግን ያን ያህል አይታወቅም።

እኔን ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የወገናችን ሥራ ነው። እዚህ ሀገር ኑሮው መሪ ላይ የሆነ ሀበሻ ብዙ ነው። ታክሲ አለ፣ ኡበርና ሊፍት አለ፣ ግዛት አቋርጦ ዕቃ የሚያመላልስ ትራከር አለ። ሌሊት ተጠርቶ የተበላሸ መኪና የሚያነሳም አለን። እና ህጉ በሁለቱም በኩል ይነካናል። በፍጥነት የሚያልፈውም እኛ ነን፤ ዳር ቆሞ የሚሠራውም እኛ ነን።

ህጉ የሚጠይቀው

የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ መስመር ልቀቅ ይላል። ከቆመው መኪና አጠገብ ያለውን መስመር ትታችሁ ወደሚቀጥለው ትገባላችሁ። በእናንተና በእሱ መሀል አንድ ሙሉ መስመር ባዶ ይሆናል። መልቀቅ ካልተቻለ ደግሞ ፍጥነት ቀንስ ይላል። ጎናችሁ መኪና ይኖራል፤ መንገዱ ተጨናንቆ ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ ሁለተኛ መስመር አይኖርም። ያኔ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስታችሁ፣ ዝግ ብላችሁ፣ ተጠንቅቃችሁ ታልፋላችሁ።

የሚረሳው ይሄ ሁለተኛው ነው። ሰው ስፖኪዮውን ያያል፣ ግራው ተይዟል፣ «እንግዲህ ምን ላድርግ» ብሎ በ65 ማይል ጥሶ ይሄዳል። መስመር መልቀቅ አለመቻል ይቅር የሚባለው ፍጥነት ለቀነሰ ብቻ ነው። ሁለቱንም ያላደረገ ህጉን ጥሷል።

አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች አዘውትረው የሚያምታቱትን ልናገር። ሳይረን እያሰማ የሚመጣ አምቡላንስ ወይም የፖሊስ መኪና ሲያጋጥም ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ መቆም ነው ህጉ። እሱ ሌላ ነው። እሱ ለሚንቀሳቀስ መኪና ነው። አሁን የምናወራው ስለቆመ መኪና ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዳር የቆመ ፖሊስ ሲያይ ደንግጦ ወደ ቀኝ ይጠጋል። ማለትም ሰዎቹ በእግራቸው ወደቆሙበት ይጠጋል። ሀይዌይ መሀል ፍሬን ረግጦ ቀጥ የሚልም አለ፤ ከኋላ የሚመጣው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ለሚንቀሳቀስ መኪና ተጠግታችሁ ትቆማላችሁ፤ ከቆመ መኪና ትርቃላችሁ።

«ዳር ነው» የሚባለው ቦታ ስንት ነው?

ኢንተርስቴት መንገዶች ላይ አንድ መስመር በደንቡ 12 ጫማ ይሰፋል። የቀኙ ሾልደር ቢያንስ 10 ጫማ እንዲሆን ነው ደረጃው የሚለው። ትልቅ የጭነት መኪና በህግ የሚፈቀድለት ስፋት 8 ጫማ ተኩል ነው፤ ትልልቆቹ ቶው ትራኮችም ወደዚያ ይጠጋሉ። ቀንሱት። ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ዳር አስጠግቶ ቢያቆም እንኳ በመኪናውና በነጩ መስመር መሀል የሚተርፈው አንድ ጫማ ተኩል ነው። በእኛ መለኪያ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ድልድይ ላይማ ሾልደሩ ራሱ ሊጠብ ወይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

አሁን ሰውየው የሚሠራውን ተመልከቱ። ከመኪናው ይወርዳል። የተበላሸውን መኪና ዞሮ ያያል። ጠፍጣፋውን ጭነት ማስቀመጫ ወደኋላ አውርዶ ያዘነብላል። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ወይም በጀርባው ተኝቶ መንጠቆውን ከመኪናው ሥር ያስራል። ሽቦውን በሞተር እየጠቀለለ ይጎትታል፣ መኪናው ይወጣል። ከዚያ አራቱንም ጎማ በቀበቶ ማሰር አለበት። ሁለቱ ጎማዎች ያሉት መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው። የሠለጠነ ሰው የሚችለውን ያህል ከመንገዱ ተቃራኒ ባለው ጎን ይሠራል። ግን እነዚያን ሁለት ጎማዎች ማንም አያስርለትም። ለእነሱ ሲል ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ጎንበስ ይላል። ጆሮው የራሱን የሞተር ድምፅ ነው የሚሰማው። እናንተን አያይም፣ አይሰማም።

በ65 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 29 ሜትር ይጓዛል። ቴክስት ለማየት 5 ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳ ሰው ወደ 145 ሜትር ገደማ በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። በዚያ መሀል መሪው ለጥቂት ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ ያቺ ግማሽ ሜትር የማትሞላ ክፍተት የለችም። ባዶ መስመር ተትቶለት ቢሆን ኖሮ ግን ያው ስህተት የተሳሳተው ሰው እንኳ ደንግጦ የሚመልስበት 12 ጫማ ነበረው። መስመር ልቀቁ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው መቼም ይዘናጋል፤ ህጉ መዘናጋቱ ሰው እንዳይገድል ቦታ ይፈጥራል።

የሟቾቹ ቁጥር ራሱ ለረጅም ጊዜ በትክክል አልታወቀም ነበር። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2024 ባወጣው ጥናት፣ ከ2015 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት 123 የመንገድ ዳር እርዳታ ሠራተኞች በአላፊ መኪና ተገጭተው መሞታቸውን አገኘ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመንግሥት የአደጋ መዝገብ ላይ ለዚያው ጊዜ የሚገኘው ግን 34 ብቻ ነበር። ሌሎቹ የት ገቡ? ብዙዎቹ ተራ «እግረኛ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። ሥራ ላይ እያለ የሞተ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ከተገጨ ሰው ጋር ተደባልቆ ተቆጠረ። ይሄ ያሳዝነኛል። ያልተቆጠረ ሞት ህግ አውጪ ፊት ቀርቦ አይናገርም።

ያው ጥናት ከአደጋዎቹ 89 በመቶው የፍጥነት ወሰኑ 55 ማይልና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ላይ መድረሱን፣ አብዛኛውም ዝናብም በረዶም በሌለበት መሆኑን ያሳያል። «አየሩ መጥፎ ነበር» የሚለው ምክንያት እዚህ ብዙ አያስኬድም።

ከፖሊስ ተነስቶ እኛ ጋ ደረሰ

ነገሩ የጀመረው ሳውዝ ካሮላይና ነው። በ1994 አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ አደጋ የደረሰበትን ሰው ሊረዳ በሄደበት ቦታ መኪና ገጨው። ተረፈ። ሲድን ያወቀው ነገር ግን አናደደው፤ በአደጋው ሪፖርት ላይ ጥፋተኛ የተባለው እሱ ራሱ ነበር። ለምን ቢሉ፣ መንገድ ዳር የሚሠራን ሰው የሚጠብቅ ህግ አልነበረም። ዝም አላለም። ህግ አውጪዎችን ወተወተ። በ1996 ሳውዝ ካሮላይና የመጀመሪያውን ህግ አወጣች።

ሌሎቹ ግዛቶች ቀስ በቀስ ተከተሉ፤ ብዙዎቹ ሰው ከሞተባቸው በኋላ። ቺካጎ ውስጥ ስኮት ጊለን የተባለ የእሳት አደጋ መኮንን በታኅሣሥ 2000 ዳን ራያን ኤክስፕረስዌይ ላይ አደጋ ቦታ ሲሠራ ተገጭቶ ሞተ። የኢሊኖይ ህግ እስከ ዛሬ በስሙ «የስኮት ህግ» ይባላል። የሚኒሶታውም እንዲሁ በዚያው ዓመት አይ 90 ላይ በተገደለው የሀይዌይ ፖሊስ በቴድ ፎስ ስም ይጠራል። መጨረሻ ላይ የገባችው ሀዋይ ናት፤ በ2012።

መጀመሪያ ላይ ህጉ ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ነበር። ከዚያ እየሰፋ ሄደ። የሜሪላንድን ብንከተል አካሄዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥቅምት 2010 ለድንገተኛ አደጋ መኪኖች ተጀመረ። በ2014 ቶው ትራክ ተጨመረ። በ2018 ቢጫ መብራት ያላቸው የአገልግሎትና የቆሻሻ መኪኖች ገቡ። ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ አራቱንም ፍሬቻ ያበራ፣ ወይም የአደጋ ምልክት ያደረገ ማንኛውም የቆመ መኪና በህጉ ተጠቃለለ። ማንኛውም። የሰፈራችሁ ሰው ያረጀች ካምሪም ብትሆን። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2023፣ ኮሎራዶ ከነሐሴ 2023፣ ፍሎሪዳ ከጥር 2024 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል።

ህጉን ከዚህ ለውጥ በፊት የተማረ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከአሥር ዓመት በፊት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፈ ሰው «ለፖሊስ መስመር ልቀቅ» የሚለውን ይዞ ቀርቷል። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት እናት ጎማዋ ፈንድቶ ልጆቿን ይዛ ዳር ስትቆም፣ ህጉ ዛሬ እሷንም ያውቃታል። አላፊው ሹፌር ያን ካላወቀ ግን ህጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስንት ነው የሚቀነሰው?

እዚህ ላይ ግዛቶች ይለያያሉ፤ ግዛት ለሚያቋርጥ ሹፌር ጣጣው ይሄ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቁጥር አያስቀምጡም። ለአየሩ፣ ለመንገዱና ለትራፊኩ ተገቢ ወደሆነ ፍጥነት ቀንስ ነው የሚሉት። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኮሎራዶ ግን ቁጥር አላቸው፤ ሀይዌይ ላይ 20 ማይል መቀነስ አለባችሁ።

ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 20 ማይሉ የሚቀነሰው ታፔላው ላይ ከተጻፈው ወሰን ነው፤ እናንተ ከምትነዱበት ፍጥነት አይደለም። የዳላስ መንገድ ወሰኑ 70 ቢሆንና እናንተ 80 እየነዳችሁ ብትሆኑ፣ ወደ 60 መውረድ አይበቃም። ወደ 50 ነው መውረድ ያለባችሁ።

20 ማይል ትንሽ ይመስላል። አይደለም። የመኪና ግጭት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ65 ወደ 45 ስትወርዱ መኪናችሁ የተሸከመው ኃይል ከግማሽ በታች ይሆናል። ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም በዚያው ልክ ያጥራል። ሰውየው ድንገት አንድ እርምጃ ወደኋላ ቢል የምታተርፉበት ጊዜ ይኖራችኋል።

ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትልና አካባቢዋ ላላችሁ፣ አንድ የተለየ ነገር አለ። እዚያ መብራት አብርቶ ከቆመ የድንገተኛ አደጋ መኪና ወይም ቶው ትራክ በፊት 200 ጫማ፣ ካለፈም በኋላ 200 ጫማ ድረስ ያለው መንገድ እንደ ልዩ ቀጠና ይቆጠራል። በዚያ ውስጥ ቅጣት እጥፍ ነው።

ቅጣቱ

ሜሪላንድ ከቀላሎቹ ናት። 110 ዶላርና በመንጃ መዝገብ ላይ የሚያዝ አንድ የጥፋት ነጥብ። ጥሰቱ ለግጭት አስተዋጽኦ ካደረገ 150 ዶላርና 3 ነጥብ። ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ 750 ዶላርና 3 ነጥብ። ኢንሹራንሱ በነጥቡ ምክንያት የሚጨምረው ከቅጣቱ ሊበልጥ እንደሚችል ግን አትርሱ።

ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ነገሩ ይከብዳል። ቀይ ወይም ሰማያዊ መብራት ያበራ የቆመ መኪና ሲያጋጥም ህጉን መጣስ ከ2019 ጀምሮ «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ ማለትም በግድየለሽነት መንዳት ነው። እሱ ተራ የትራፊክ ትኬት አይደለም፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። 6 ነጥብ ያስይዛል፣ በመንጃ መዝገባችሁ ላይም 11 ዓመት ይቆያል። ለቢጫ መብራትና ፍሬቻ ላበራ ተራ መኪና ቅጣቱ ቀለል ይላል። ማታ በ65 ማይል እየነዱ ግን የመብራት ቀለም እየለዩ ቅጣት ማስላት አይቻልም፤ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ሲታይ መልቀቅ ነው የሚያዋጣው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ክስ የተሰጣችሁ እንደሆነ በፖስታ ከፍላችሁ የምትገላገሉት ትኬት እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ሳይቀርቡ መቅረት ሌላ ጣጣ ይወልዳል። እንግሊዝኛችሁ ለፍርድ ቤት አልበቃ ካለ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ያቀርብላችኋል፣ አትከፍሉም። ጠበቃ ማማከሩም የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ቴክሳስ በመስከረም 2023 ቅጣቱን ከፍ አድርጋለች፤ የመጀመሪያው ጥፋት ከ500 እስከ 1,250 ዶላር ነው። ኢሊኖይ ለመጀመሪያ ጥፋት ከ250 ጀምሮ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ትሄዳለች።

ለትራከሮች ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በንግድ መኪና ላይ እያለ ሬክለስ ድራይቪንግ ቢፈረድበት በፌዴራል ደንብ «ከባድ ጥፋት» ተብሎ ይመዘገብበታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ ጥፋት 60 ቀን ከሥራ ያግዳል፤ ሦስት ከሆነ 120 ቀን። የትራኩን ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፍል ሰው ሁለት ወር መቆም ምን ማለት እንደሆነ ሥራው ላይ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኡበርና ሊፍትም የመንጃ መዝገብ ያያሉ።

መንገድ ላይ ሲያጋጥም

በተግባር ዋናው ነገር ርቆ ማየት ነው። ብልጭታው ቀጥ ባለ ሀይዌይ ላይ ከሩቅ ይታያል። እንዳያችሁት ስፖኪዮ እዩ፣ ጎናችሁን ዘወር ብላችሁ አረጋግጡ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ቦታ ሲኖር ግቡ። አጠገቡ ደርሶ በመጨረሻዋ ሰከንድ መሪ መጠምዘዝ ሌላ አደጋ ነው። ፊታችሁ ትልቅ ትራክ ካለ ብልጭታውን ይጋርድባችኋል፤ ስለዚህ አትጠጉት። ፊት ያለው ትራክ ያለ ምክንያት ወደ ግራ ሲገባ ካያችሁ እሱ ያየውን እናንተ አላያችሁትም ማለት ነው፤ እናንተም ተዘጋጁ።

መኪናው በግራ ሾልደር ላይ ከቆመ ወደ ቀኝ ትለቃላችሁ። ዋናው ከእሱ መራቅ ነው። በአንድ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ባለው መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና እያለ ወደሱ መስመር መግባት የለም። ያኔ ያለን መፍትሄ መቀነስ ነው። ከመግቢያ ራምፕ እየወጣ የሚቀላቀል መኪናም አስቡ፤ እሱም እናንተም ወደ አንድ ቦታ ልትገቡ ትችላላችሁ። ሌላ ሰው መስመር ሊለቅ ፍሬቻ ሲያሳያችሁም አስገቡት። ብዙ ጊዜ ሰው መስመር መልቀቅ የሚያቅተው ጎኑ ያለው ሹፌር እልህ ስለሚጋባ ነው።

ስትጠጉ ደግሞ ዓይናችሁን መብራቱ ላይ አትትከሉ። ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ መሪውን ሳያውቀው ያዞራል። የተጨፈለቀውን መኪና ለማየት አንገት ማስገግ፣ ስልክ አውጥቶ መቅረፅ፣ ይሄ ሁሉ ይቅር። መሄጃችሁን እዩ።

እናንተ ራሳችሁ የቆማችሁ ቀን

ሀገር ቤት መንገድ ላይ የተቀነጠበ ቅጠል ወይም የተደረደረ ድንጋይ ካየን ከፊት የቆመ መኪና እንዳለ እናውቃለን። እዚህ ምልክቱ ፍሬቻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያን በመሰሉ ግዛቶች ህጉ ተራውን መኪና የሚጠብቀው አራቱም ፍሬቻ ሲበራ ወይም ሌላ የአደጋ ምልክት ሲደረግ ነው። ባትሪ እንዳያልቅ ብሎ ፍሬቻ አጥፍቶ የሚቀመጥ ሰው አለ። ያን ሲያደርግ የህጉን ጥበቃ በገዛ እጁ ያጠፋል። ማታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

መኪናው መንቀሳቀስ ከቻለ ወደሚቀጥለው መውጫ ድረስ ዝግ ብላችሁ ውጡ። ጎማው ተንፍሶም ቢሆን። ቸርኬው ቢጎዳ ይቀየራል። ካልቻለ የቻላችሁትን ያህል ወደ ቀኝ አስጠጉና አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። መውረድ ካለባችሁ መኪና በማያልፍበት በኩል ባለው በር ውረዱ። የብረት አጥሩን ተሻግራችሁ፣ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ መቆም አደገኛ ነው፤ አንድ ሰው መኪናችሁን ከገጨው መኪናው ራሱ እናንተ ላይ ይመጣል። መውረጃ ቦታ ከሌለ ቀበቶ አስራችሁ ውስጥ ቆዩ። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚህ ሀገር ከተበላሸ መኪናቸው ውጭ ቆመው ሳለ ተገጭተው ይሞታሉ።

በመንገዱ በኩል ያለውን ጎማ ራሳችሁ ለመቀየር አትሞክሩ። ክሪኩም አለኝ፣ ስኮርታውም አለኝ፣ አሥር ደቂቃ ነው ትሉ ይሆናል። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ጀርባችሁ ወደ ትራፊኩ ነው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ውስጥ ከእጅ ስልክ #77 ብትደውሉ የስቴት ፖሊስ ታገኛላችሁ። ሜሪላንድ ቻርት የሚባል፣ ቨርጂኒያም ሴፍቲ ሰርቪስ ፓትሮል የሚባል የመንገድ ጥበቃ አላት፤ ዋና ዋና መንገዶች ላይ እየዞሩ የቆመ ሰው የሚረዱ ናቸው። ጎማ ይቀይሩላችኋል፣ ከኋላችሁ ቆመው መብራት አብርተው ይከላከሉላችኋል፤ ገንዘብ አይጠይቁም። አትላንታ አካባቢ ያላችሁ 511 ደውሉ፤ ሂሮ የሚባሉት መኪኖች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ስትደውሉ የመንገዱን ቁጥር፣ የምትሄዱበትን አቅጣጫና ዳር ላይ የተተከለውን የማይል ምልክት ቁጥር ንገሯቸው። «ከድልድዩ አለፍ ብሎ» ማለት ሰውን አያደርስም።

ቶው ትራኩ ሲመጣ ሹፌሩ ቁሙ ባላችሁ ቦታ ቁሙ። ልርዳህ ብላችሁ አትጠጉ፤ ሽቦው ሲጎትት ተበጥሶ ሊገርፍ ይችላል፣ እሱም እናንተን እየጠበቀ መሥራት አይችልም። ቦርሳ፣ ስልክ፣ የልጅ ወንበር፣ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ መጀመሪያ ከመኪናው ስትወርዱ ያዙ። መኪናው ከተጫነ በኋላ የረሳችሁትን ለማምጣት ወደ መንገዱ ጎን አትዙሩ። እሱን ጠይቁት፤ ከሀይዌዩ ወጥቶ ነዳጅ ማደያ ሲቆም ያወጣላችኋል።